መሶቡ ሞልቷል ብሎ የሚዋሽ መድኃኒት

እንዴት ይሠራል?

ደባርቅ ላይ በሐምሌ ከምድጃ የራቀ ሰው አይሞቀውም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሊማሊሞ ገደል የሚወጣው ጉም ደጃፍ ድረስ መጥቶ ይቆማል። ባለፈው ክረምት አክስቴ ማድ ቤት ዱካ ላይ ተቀምጬ የገብስ ቆሎ ስቆረጥም፣ እሳቸው በአንድ እጃቸው ቀይና ቢጫ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል፣ በሌላው የወተት ስኒ ይዘው ሊውጡ ሲሉ ዐየኋቸው።

«አክስቴ፣ በወተት አይዋጡት። በውሃ ያድርጉት።»

«ምነው ልጄ? ሆዴን እንዳያቃጥለኝ ብዬ እኮ ነው። ወተት መድኃኒት ያበርዳል ይባል የለም?»

«ችግሩ እሱ ነው፤ ያበርደዋል።»

ሳቁና ስኒውን አስቀመጡ። አክስቴ ግን እንዲሁ «እሺ» ብለው የሚያልፉ ሴት አይደሉም። «እንዴት አድርጎ?» አሉኝ። የዚህ ጽሑፍ ነገር የጀመረው ከዚያ ነው። መልሱ ከወተቱ ተነሥቶ፣ ዛሬ ሳይንቲስቶች አዲስ መድኃኒት የሚፈልጉበት ቦታ ድረስ ወሰደን።

አንዲት ባክቴሪያ እንደ አንድ ቤት ናት አልኳቸው። በቤቱ ውስጥ ከመደብ የማይነሡ አያት አሉ። ጠላው እንዴት እንደሚጠመቅ፣ ሊጡ ስንት ቀን እንደሚቦካ፣ የቤቱ ሙያ ሁሉ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። እኚህ አያት ዲኤንኤ ናቸው። ራሳቸው ወደ ማድ ቤት አይሄዱም፤ ልጅ ጠርተው ቃል ይልካሉ። የሚላላከው ልጅ አርኤንኤ ይባላል። ማድ ቤቱ ደግሞ ሪቦዞም ነው፤ ልጁ ያመጣውን ቃል እየሰማ አሚኖ አሲድን ከአሚኖ አሲድ ያያይዝና ፕሮቲን ያወጣል። በደንብ በምታድግ የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ እንዲህ ያለ ማድ ቤት በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። እያንዳንዱም በሴኮንድ ከ15 እስከ 20 አሚኖ አሲድ ይቀጥላል።

ለረጅም ጊዜ አርኤንኤ ተላላኪ ብቻ ይመስል ነበር። ለካ ማድ ቤቱም የተሠራው ከእሱው ዘር ነው። የባክቴሪያ ሪቦዞም ሁለት ሦስተኛው አርኤንኤ ነው፤ የቀረው አንድ ሦስተኛ ብቻ ፕሮቲን። እ.ኤ.አ. በ2000 የሪቦዞም ቅርጽ እስከ አቶሞቹ ድረስ ሲታይ፣ አሚኖ አሲዶቹን የማያያዙን ሥራ የሚሠራው አርኤንኤው እንጂ ፕሮቲኑ እንዳልሆነ ተረጋገጠ። ቬንካትራማን ራማክሪሽናን፣ ቶማስ ስታይትዝና አዳ ዮናት በዚህ ሥራ በ2009 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። በአክስቴ ቋንቋ፣ ምጣዱም ጉልቻውም ከተላላኪው ልጅ ሥጋ ነው የተሠሩት።

አሁን ወደ ወተቱ። ቴትራሳይክሊን የሚገባው እዚህ ማድ ቤት ውስጥ ነው። በትንሹ የሪቦዞም ክፍል አርኤንኤ ላይ ተለጥፎ፣ አሚኖ አሲድ ተሸክሞ የሚመጣውን ሌላ አርኤንኤ በሩ ላይ ያስቀረዋል። ዱቄት የማይገባበት ማድ ቤት እንጀራ አያወጣም። ነገር ግን አርኤንኤው ላይ የሚለጠፈው በባዶ እጁ አይደለም። አርኤንኤ ዙሪያውን አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት አለው፤ ማግኒዚየም ደግሞ አዎንታዊ። ቴትራሳይክሊን ማግኒዚየሙን ጨብጦ፣ በእሱ በኩል አርኤንኤውን ይይዛል። ይህ መጨበጥ የሚወድ እጅ ግን ባለቤት አይመርጥም። ሆድ ውስጥ ወተት ካገኘ የወተቱን ካልሲየም ጨብጦ እዚያው ይቀራል፤ ወደ ደም አይገባም። ባክቴሪያዋን ሊይዝበት የነበረው እጅ በወተት ተያዘ ማለት ነው። የብረት እንክብልና ለቃር የሚወሰዱ መድኃኒቶችም እንደዚያው ያደርጉታል። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው ታናሽ ወንድሙ በወተት የሚጎዳው ያነሰ ነው፤ የቴትራሳይክሊን ጉዳት ግን ብዙ ነው።

ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች የማይሰጠውም በዚሁ እጁ ምክንያት ነው። ገና በመሠራት ላይ ያለ ጥርስና አጥንት ካልሲየም ነውና እዚያ ገብቶ ይቀመጣል፤ ጥርሱን ቢጫ ያደርገዋል።

አጥንት ላይ መጣበቁ ደግሞ አንድ የጥንት ወሬ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 በሱዳን ኑቢያ የተገኙ፣ ከ350 እስከ 550 ዓ.ም. አካባቢ የኖሩ ሰዎች አጥንት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ ቢጫ አረንጓዴ እያበራ መሆኑ ተጻፈ። ቴትራሳይክሊን ብቻ ነው እንዲህ የሚያበራው የሚል ክርክር ተነሣ። ብዙዎች አላመኑም፤ መድኃኒቱ በፋብሪካ የተመረተው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነውና። አንትሮፖሎጂስቱ ጆርጅ አርሜላጎስ ግን አልተዉትም። በ2010 ከኬሚስቱ ማርክ ኔልሰን ጋር ሆነው አጥንቱን በአሲድ አሟሙተው ቴትራሳይክሊኑን ራሱን አገኙት። ከየት መጣ ቢባል፣ ስትሬፕቶማይሲስ የሚባል የአፈር ባክቴሪያ ከገባበት እህል ከተጠመቀ ቢራ።

«ጠላ ነው በለኛ!» አሉ አክስቴ።

የጠላ ዘመድ ነው። ከስሜን ተራሮች ሥር የሚያልፈው ተከዜ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ጋር ዓባይን ይቀላቀላል፤ የኑቢያ ሰዎች ቢራቸውን የጠመቁበት ውሃ በከፊል ከዚሁ አገር የወረደ ነው። አክስቴ ዞር ብለው ጋናቸውን አዩት። ከመደሰታቸው በፊት ግን መናገር ነበረብኝ፤ የእርስዎ ጠላ ጌሾና ብቅል እንጂ መድኃኒት የለበትም።

ስትሬፕቶማይሲስን ሁላችንም በጠረኑ እናውቀዋለን። ግንቦት ማለቂያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ መሬት ሲነካ የሚነሣው የአፈር ሽታ በአብዛኛው የዚህ ባክቴሪያና የዘመዶቹ ሥራ ነው። በአንቲባዮቲክ ታሪክም ከእሱ የሚበልጥ ባለውለታ የለም። በ1943 ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው ከዚህ ዘር ነው፤ ክሎራምፌኒኮልም ከቬኔዝዌላ አፈር፣ ኤሪትሮማይሲንም ከፊሊፒንስ አፈር ከዚሁ ወገን መጡ። እነዚህ ሁሉ፣ ቴትራሳይክሊንን ጨምሮ፣ የሚመቱት የባክቴሪያን ሪቦዞም ነው። ባክቴሪያዎቹ አርኤንኤን ዒላማ ማድረግን ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር፤ እኛ መሣሪያቸውን ወስደን በካፕሱል አሸግነው። የእኛ ሪቦዞም ከባክቴሪያዋ ስለሚለይ መድኃኒቱ እኛን አብሮ አይገድልም። ሴሎቻችን ውስጥ ያሉት ማይቶኮንድሪያ ግን የባክቴሪያ ዝርያ ስለሆኑ የእነሱ ሪቦዞም ይቀርባል። ክሎራምፌኒኮል በአጥንት መቅኔ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት አንዱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ደጋው አገር ይህን መሣሪያ በደንብ ያውቀዋል። ብርድ ሲበረታ ልብስ ሳይወልቅና ሳይታጠብ ሲከርም፣ ቅማል ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት ከሰው ወደ ሰው ታዛምታለች። ለእሱ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ይኸው ቴትራሳይክሊን ነው፤ አንድ ጊዜ ተውጦ ይበቃል። ከዋጡ በኋላ ባሉት ሰዓታት ግን በሽተኛው ከበሽታው የባሰ ሊንቀጠቀጥ፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። በአንድ ጊዜ የሚረግፉት ባክቴሪያዎች ያመጡት ጣጣ ነው፤ ስለዚህ ሐኪም አጠገብ ሆኖ መዋጥ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ግን ትራኮማ አለ። አማራ ክልል ይህ የዓይን በሽታ ከጸናባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። አዚትሮማይሲን ሲታደል ያላየ የደባርቅና የዳባት ሰው ያለ አይመስለኝም። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2008 የወባና የትራኮማ ሳምንት ከተጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ ለምዶታል። ልጆች ምልክት የተሰመረበት እንጨት አጠገብ በባዶ እግራቸው ይቆማሉ፤ መጠኑ በክብደት ሳይሆን በቁመት ይሰፈራል፤ ትንንሾቹ ሽሮፕ፣ ዐዋቂው አራት እንክብል። ሚዛን ተሸክሞ ገደል ለገደል መዞር አያስፈልግም። አዚትሮማይሲን የኤሪትሮማይሲን የልጅ ልጅ ነው፤ በ1980 ዛግሬብ ውስጥ ፕሊቫ በተባለ የመድኃኒት ፋብሪካ ተቀመመ። እሱም የሚመታው ያንኑ ማድ ቤት ነው፤ ቦታው ብቻ ይለያል። የተሠራው ፕሮቲን የሚወጣበት ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ግድግዳው አርኤንኤ ነው፤ አዚትሮማይሲን እዚያ ገብቶ እንደ ውታፍ ይወተፋል።

ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ውስጥ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተደረገ ጥናት ግን የዚህን ሁሉ ሁለት ፊት አሳይቶናል። ጥሩው ፊት፦ አዚትሮማይሲን በታደለባቸው ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ሞት ካልታደለባቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆነ። ሌላው ፊት ደግሞ ከልጆቹ አፍንጫ በተወሰደ ናሙና ታየ። በየሦስት ወሩ መድኃኒት ሲሰጣቸው በቆዩ ቀበሌዎች፣ የሳንባ ምች የምታመጣውን ባክቴሪያ አዚትሮማይሲንን የተላመደችውን ዓይነት የያዙት ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3.6 በመቶ ወደ 46.9 በመቶ ወጡ። መድኃኒት ባልተሰጠባቸው 9.2 በመቶ ነበሩ። እርግጥ በዓመት አራት ጊዜ ማደል ከተለመደው በዓመት አንዴ እጅግ የበዛ ነው፤ ዕደላው ሲቆምም መላመዱ እየቀነሰ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገ ምርመራ የትራኮማዋ ባክቴሪያ ራሷ መድኃኒቱን ስትላመድ አልተገኘችም። ቢሆንም ቁጥሩ ያስደነግጣል።

ባክቴሪያዋ እንዴት አመለጠች? አንዱ መንገዷ ይገርማል፤ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ፣ ውታፉ በሚገባበት በአንዲቷ የአርኤንኤ ፊደል ላይ፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ትለጥፋለች። በቃ። ያቺ ጉብታ ውታፉን አታስገባም፤ ማድ ቤቱ ግን እንደ ወትሮው ይሠራል። ከዚህ የከፋው፣ ኤሪትሮማይሲንም ክሊንዳማይሲንም የሚቀመጡት እዚያው ሰፈር ስለሆነ በአንዲቷ ጉብታ ብዙ መድኃኒት አብሮ መውደቁ ነው። በዓለም ዙሪያ በ2019 በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞቱት ሰዎች 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል።

እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ ለምን ማድ ቤቱን ብቻ እንመታለን? ተላላኪውን ልጅስ? የዛሬው ምርምር ጥያቄ ይሄ ነው፤ እኔም ለአክስቴ ለመንገር ስጣደፍ የነበረው እዚህ ለመድረስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የየል ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ብሬከርና ባልደረቦቹ፣ ሌሎችም በተመሳሳይ ጊዜ፣ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አዩ። አያት «ሂድ፣ እንጀራ ይጋገር በላቸው» ብለው የላኩት ልጅ ዝም ብሎ አይሮጥም። መንገድ ላይ መሶቡን ከፍቶ ያያል። ባዶ ከሆነ መልእክቱን ያደርሳል፤ ሞልቶ ካየው ተጣጥፎ ቁጭ ይላል፤ መልእክቱ ይቀራል፤ ማንም አይጋግርም። በኬሚስትሪ ቋንቋ፣ የመልእክቱ አርኤንኤ ጫፍ ላይ አንዲት ኪስ አለች። ባክቴሪያዋ ለራሷ ከምትሠራቸው ነገሮች አንዱ ሲበዛ ኪሷ ውስጥ ይገባል፤ አርኤንኤው ቅርጹን ይለውጥና ምርቱ ይቆማል። ይህን ሪቦስዊች ይሉታል፤ የአርኤንኤ ማብሪያ ማጥፊያ እንበለው። ለቫይታሚን ቢ2፣ ማለትም ለሪቦፍላቪን፣ አንዱ አለ። እኛ ሪቦፍላቪንን ከወተትና ከእንቁላል እንበላዋለን እንጂ አንሠራውም፤ ብዙ ባክቴሪያዎች ግን ራሳቸው ይሠሩታል፤ ይህ ማብሪያ ማጥፊያም በእኛ ሴል ውስጥ የለም።

ስለዚህ መሶቡ ባዶ ሳለ ለልጁ ሞልቷል ብሎ የሚዋሽ ነገር ቢገኝስ?

የሜርክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ተገኘ ብለው በ2015 ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት። ፍለጋቸው ብልህ ነበር። ወደ 57 ሺህ የሚጠጋ የኬሚካል ዓይነት ባክቴሪያ ላይ እየሞከሩ አንድ ምልክት ብቻ ፈለጉ፤ ባክቴሪያዋን የሚያዳክም፣ ሪቦፍላቪን ሲጨመርላት ግን የምትድንበት። የዳነችው ቫይታሚኑን ስላገኘች ከሆነ፣ ኬሚካሉ የመታው ቫይታሚኑን የምትሠራበትን መንገድ ነው። አንዱን አገኙትና ሪቦሲል አሉት። ዒላማው የትኛው እንደሆነ የነገራቸው ደግሞ መላመዱ ራሱ ነው። ሪቦሲልን ተቋቁመው የተረፉትን ባክቴሪያዎች ሲመረምሩ፣ ለውጡ ያለው በዚያችው የአርኤንኤ ኪስ ላይ ሆኖ ተገኘ። ሪቦሲል በቅርጹ ኪሷ ውስጥ ከሚገባው የቫይታሚኑ ውጤት ጋር አይመሳሰልም፤ ኪሷ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ልጁ አይለየውም። መሶቡ ሞልቷል ብሎ ይቀመጣል፤ ቤቱ ይራባል።

«ውሸታም መድኃኒት» አሉ አክስቴ፤ ደስ ያላቸው መሰለኝ።

በነገራችን ላይ ይህችን ውሸት ከሜርክ በፊት የዋሸ አለ። በ1970ዎቹ ከፊሊፒንስ አፈር የተለየ አንድ ስትሬፕቶማይሲስ ሮዚዮፍላቪን የሚባል ቀይ ንጥረ ነገር ይሠራል፤ እሱም እዚያችው ኪስ ውስጥ ይገባል። እንደገና አፈር ቀደመን።

ታዲያ መድኃኒቱ የት ደረሰ? ሪቦሲል አይጦችን ከኢንፌክሽን ማዳን ችሏል። ነገር ግን የተሞከረችው ባክቴሪያ የውጭ ግንቧ ሆን ተብሎ የተዳከመ ነበረች፤ ያልተዳከመችው ገና በሩ ላይ ትመልሰዋለች፤ የገባውንም ቀድታ ታስወጣለች። ሁለተኛው ችግር አክስቴ ሳልነግራቸው የደረሱበት ነው፦ «ጎረቤት እንጀራ ቢያበድራትስ?» አዎ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሪቦፍላቪንን ከበሽተኛው አካል ይበደራሉ፤ ለእነሱ የራሳቸው ምጣድ ቢዘጋ ግድ የላቸውም። ሦስተኛው፣ መሶቡን ማየት የተወ ልጅ በቀላሉ ይወለዳል፤ ኪሷ ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር ውሸቱ አይሠራም። አርኤንኤ ራሱም ለመድኃኒት ሠሪ አስቸጋሪ ነው፤ በአራት ፊደል የተጻፈ፣ የሚወዛወዝ፣ ዙሪያውን በአሉታዊ ሙላት የተሸፈነ ስለሆነ መድኃኒት የሚቀመጥበት ጥሩ ጉድጓድ እንደ ፕሮቲን በቀላሉ አይገኝበትም። ቢሆንም ተስፋ የሚሰጡ ሌሎች ሙከራዎች አሉ፤ የመልእክቱን ፊደላት በትይዩ ጽፎ ልጁን አፉን የሚዘጋ ሰው ሠራሽ ቅንጣት አንዱ ነው። የእሱም ጣጣ ግንቡን ማለፍ ነው።

ከሰሞኑ ወሬ እኔን የማረከኝ ግን የካናዳው ነው። የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአንድ የሃሚልተን ከተማ ጓሮ አፈር ወስደው፣ ውስጡ ያሉትን ባክቴሪያዎች ለአንድ ዓመት ያህል በትዕግሥት አሳደጉ። ቶሎ የሚያድጉት ብቻ ሳይሆኑ ቀስ የሚሉትም እንዲታዩ ነው። በ2025 ላሪዮሲዲን የሚባል አዲስ ነገር ይዘው ወጡ። እሱም ሪቦዞምን ነው የሚመታው፤ የሚለጠፍበት የአርኤንኤ ቦታ ግን ከድሮዎቹ የተለየ ነው፤ ስለዚህ የድሮዎቹ ጉብታዎች አያግዱትም። የሰው ጓሮ ነው እንግዲህ፣ ጫካ አይደለም። ከሊማሊሞ አፋፍ እስከ ራስ ደጀን ሥር ያለው አፈር፣ ጅብራ የሚበቅልበት ብርዳማው አፈር፣ ለአንድ ዓመት ትዕግሥት ያንሳል አልልም። ዳባት ላይ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተወለደውን፣ የሞተውንና የፈለሰውን ቤት ለቤት እየዞረ የሚመዘግብ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል አለ። ትዕግሥቱስ ይህ አገር የማያውቀው ነገር አይደለም።

እስከዚያው ግን የሪቦስዊችን ኪስ ዒላማ አድርጎ ተሠርቶ ፋርማሲ የደረሰ አንድም መድኃኒት የለም። ያለን ማድ ቤቱን የሚዘጉት የድሮዎቹ ናቸው።

ይህን ስነግራቸው አክስቴ ተነሡ። የልብስ ሳጥናቸውን ከፍተው ከነጠላ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ስምንት ካፕሱል። ካቻምና ታመው «ሲሻለኝ ተውኩት» ያሉት፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት። እኛ ቤት ልጅ ሲወድቅ ካፕሱሉ ተከፍቶ ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ይነሰነስ ነበር፤ እኔም ጉልበቴ ላይ ተነስንሶልኝ ዐውቃለሁ። እነዚህ ስምንቱ ግን ጊዜያቸው አልፏል። ያረጀ ቴትራሳይክሊን ተበላሽቶ ኩላሊት እንደሚጎዳ በ1960ዎቹ ተመዝግቧል።

«ውሰድና ለጤና ጣቢያው ስጥልኝ» አሉ። የዘንድሮውን በውሃ ዋጡት፤ ወተቱን ለእኔ ሰጡኝ።

እናንተም ሳጥናችሁን ክፈቱና እዩ። የተረፈ ካገኛችሁ ለጎረቤት አትስጡ፤ ወደ ሰጧችሁ መልሱት።